በሀብታም አገር ደጅ የሚያድር ሰው

ዛሬ የምናገርበትን ጉዳይ ከመካከላችሁ ያላየው የለም። እዚህ ዋሽንግተን ውስጥ ዩኒየን ስቴሽን አጠገብ፣ ከድልድይ ሥር፣ በቤተ መጻሕፍት ደጃፍ፣ ከምድር በታች ሞቃት አየር በሚወጣበት የብረት ፍርግርግ ላይ ተኝቶ ስለሚያድረው ሰው ነው። ፓርኪንግ የምትሠሩ፣ ሌሊት ታክሲ የምትነዱ፣ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ገንዘብ ስትቀበሉ የምታነጉ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ውሃ የሚጠይቃችሁ፣ ሽንት ቤት እንድትከፍቱለት የሚለምናችሁ፣ ብርድ ሲበረታ «ትንሽ ልሙቅና ልሂድ» የሚላችሁ እሱ ነው።

ዋሽንግተንን የመረጥኩት ስለምንኖርባት ብቻ አይደለም። ይህ አገር ስለ ተራበና ቤት ስላጣ ሰው ካደረጋቸው ትልልቅ ክርክሮች አንዱ የተካሄደው እዚሁ፣ ከካፒቶል በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው። ታሪኩን ቆይቼ አመጣዋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው እዚህ አገር በሚቆጠሩበት አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን መጠኑን እንወቅ። በጥር 2024 በመላ አገሪቱ በአንድ ሌሊት በተደረገው ቆጠራ 771,480 ሰው ቤት አልባ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ መልክ መቆጠር ከተጀመረበት ከ2007 አንሥቶ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ተቆጥሮ አያውቅም ነበር። ወደ 150,000 የሚጠጉት ልጆች ናቸው። ምግብን በተመለከተ ደግሞ የግብርና ሚኒስቴሩ በ2023 ወደ 47 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የሚበላው ነገር በማያስተማምን ቤት ውስጥ እንደሚኖር አስታውቋል። ይኸው መሥሪያ ቤት በአገሪቱ ለምግብነት ከሚቀርበው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ሳይበላ እንደሚቀር ይገምታል። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸው። እኛ በእናቶቻችንና በአባቶቻችን ዘመን የምናውቀው ረሃብ ዝናብ ቀርቶ፣ ጦርነት ገብቶ፣ እህል ከጎተራም ከገበያም ሲጠፋ የሚመጣ ነው። እዚህ ያለው ረሃብ ግን እህል ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ተጥሎ ያለበት ረሃብ ነው። ስለዚህ «የለም» የሚል ምክንያት አይሠራም።

ከዚህ በኋላ የምለው ለእኛ ለራሳችን ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ የሚባለውን እናውቃለን። «አሜሪካ ውስጥ ማን ይራባል? ፉድ ስታምፕ አላቸው፣ ሼልተር አላቸው። መሥራት ስለማይፈልጉ ነው። ብትሰጠውም ወስዶ ሊጠጣበት ነው።» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አገር ቤት ሳሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከተደረደሩት ነዳያን ፊት እጃቸውን አጥፈው የማያልፉ፣ በረመዳን ሌላውን ሳያስፈጥሩ ምግብ የማይጣፍጣቸው ናቸው። እዚህ ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ ሳህን አጥበው፣ በቀን ሁለት ሥራ ሠርተው፣ ከዚያችው ላይ ቆርሰው ለቤተሰብ እየላኩ የቆሙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ የደከመ ሰው፣ በቋንቋው የሚናገር፣ ወረቀቱ የተሟላ የአገሩ ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲለምን ሲያይ «እኔ ከቻልኩ እሱ ምን ሆነ?» ቢል ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ነገር ግን ያን ጊዜ እኛ እንዴት እንደቻልን በደንብ እናስታውስ። አውሮፕላን ጣቢያ መጥቶ የተቀበለን ሰው ነበረ። የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ አለዚያም የወንድማችን ጓደኛ ነበረ። ሶፋው ላይ አስተኛን፣ ቤዝመንት ውስጥ ፍራሽ ዘረጋልን፣ ከሚሠራበት ቦታ ወስዶ ከአለቃው ጋር አገናኘን። ሦስት ወር ኪራይ አልጠየቀንም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ጉልበታችን የሠራው። መንገድ ላይ የምናየው ሰው ጉልበት ያጣ ብቻ ሳይሆን ሰው ያለቀበት ነው። እናቱ ሞታ የእሷን አፓርታማ የለቀቀ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ከእስር ሲወጣ የሚቀበለው የጠፋ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከአሳዳጊ ቤት «በቃህ» ተብሎ የወጣ፣ ሕመሙ ከዘመድ ያጣላው። ከወገኖቻችንም በሼልተር የሚያድሩ አሉ። ሐፍረቱ ስለሚከብዳቸው ከእኛ ይሸሻሉ እንጂ።

«ሱስ ነው» ለሚለውም መልስ አለ፣ ጥሩ መልስ። ዌስት ቨርጂኒያ በአገሪቱ በመድኃኒትና በዕፅ ከመጠን ማለፍ የሚሞተው ሰው መጠን እጅግ ከፍተኛ ከሆነባቸው ክልሎች ዋነኛዋ ናት። ድህነቷም ይታወቃል። ሱስና ድህነት ብቻ ሰውን ሜዳ ላይ የሚጥሉ ቢሆን ኖሮ መንገዶቿ በድንኳን በተሞሉ ነበር። ግን ከካሊፎርኒያ ጋር ስትነጻጸር ቤት አልባዋ በጣም ጥቂት ነው። ግሬግ ኮልበርንና ክሌይተን ኦልደርን የተባሉ ጸሐፊዎች በ2022 ባወጡት መጽሐፍ ይህን ከከተማ ከተማ እየዞሩ መርምረውታል። ቤት አልባነት የሚበዛው ሱሰኛ በበዛበት ሳይሆን ኪራይ በተወደደበትና ባዶ ቤት በጠፋበት ቦታ ሆኖ አገኙት። ኪራይ ርካሽ በሆነበት ከተማ የሚጠጣም ሰው፣ አእምሮው የታመመም ሰው፣ ሥራ የለቀቀም ሰው የሚገባበት አንድ ክፍል አያጣም። ኪራይ በሚያንቀው ከተማ ግን መጀመሪያ የሚወድቀው በአንድ ነገር የደከመው ነው። እኛ ድካሙን እናያለን፣ የቤቱን ዋጋ ግን አናይም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ድሃም፣ ሰካራምም፣ ሕመምተኛም ነበረ። ነገር ግን በሳምንት ጥቂት ዶላር የሚከራዩ፣ መታጠቢያቸው የጋራ የሆነ ርካሽ የሆቴል ክፍሎች ነበሩ። ቆሻሻ ነበሩ ተብሎ ፈረሱ። ኒው ዮርክ ብቻዋን ከ100,000 በላይ እንደዚህ ያሉ ክፍሎች አጥታለች። በ1955 በየክልሉ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል ውስጥ ወደ 559,000 ሰው ተኝቶ ነበር። በ1980 የቀረው ሩብ ያህሉ ነው። ከዚያ ጨካኝ ግንብ መውጣታቸው መልካም ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 የፈረመው ሕግ በየሰፈሩ ማከሚያ እንዲሠራላቸው ቢያዝም ከታሰቡት ብዙዎቹ ሳይሠሩ ቀሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ መንግሥት ለድሃ ቤት የሚመድበው ገንዘብ በእጅጉ ተቆረጠ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ሳይከፈት፣ ሰው በሁለቱ መካከል ጎዳና ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሚች ስናይደር ብሩክሊን የተወለደ ሰው ነበር። በወጣትነቱ እስር ቤት ገብቶ፣ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ከታሰሩት ከቤሪጋን ወንድማማቾች፣ ከሁለቱ የካቶሊክ ካህናት ጋር ተገናኘ። ሲወጣ ዋሽንግተን መጥቶ ለድሆች ምግብ የሚያበስል፣ ከእነሱም ጋር የሚኖር አንድ ማኅበር ውስጥ ገባ። ሁለተኛው መንገድና ዲ መንገድ በሚገናኙበት ማዕዘን የፌዴራል መንግሥት የማይጠቀምበት አንድ ትልቅ ሕንፃ ነበረ። ማኅበሩ በክረምት ሰው እንዲያድርበት ተፈቀደለትና በመቶ የሚቆጠር ሰው ገባበት። ሕንፃው ግን ያፈስሳል፣ ሽንት ቤቱ አይበቃም፣ ለሰው የሚሆን አልነበረም። መንግሥት ያድስ ወይስ ይዝጋ የሚለው ክርክር ሲከር፣ ስናይደር በ1984 መጸው ምግብ አቆመ። ሃምሳ አንድ ቀን ጾመ። አካሉ እየከሳ ሲሄድ የቴሌቪዥን ካሜራዎች መጡ። የፕሬዚዳንት ሬገን አስተዳደር ሕንፃውን ለማደስ የተስማማው ምርጫው ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ስለ ስናይደር ሲነገር ብዙ ሰው ጀግና ነው ይላል፣ ሌላው ግትር ነው፣ ቤተሰቡን ትቶ የሄደ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በ1990 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ፤ ነፍሱን ይማር። እኔ ከእሱ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ለድሃ ሾርባ መስጠት አልበቃውም፤ የሾርባው ሰልፍ በየዓመቱ እየረዘመ ለምን እንደሚሄድ ጠየቀ። ሕንፃው ዛሬም እዚያው ቆሟል። ከአንድ ሺህ በላይ አልጋ እንዲይዝ ታድሶ ስንት ሰው አሳድሯል!

ከጾሙ በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ነገር ሆነ። በመጋቢት 1987 አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ከቤት አልባዎች ጋር ሜዳ ላይ አደሩ። ከእነሱ መካከል ስቱዋርት ማኪኒ የተባሉ የኮነቲከት ሪፐብሊካን ነበሩ። ሕመምተኛ ነበሩና ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው፣ ለቤት አልባዎች የተመደበው የመጀመሪያው ትልቅ የፌዴራል የርዳታ ሕግ በስማቸው ተጠራ። ፓርቲያቸው ስለ ድሃ ምን ይላል የሚለውን ትቼ ይህን የማነሣው፣ ርኅራኄ የአንድ ወገን ንብረት አለመሆኑን ለመናገር ነው።

ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ መንገዱ ፍርድ ቤት ሆነ። ሮበርት ሄይስ የተባለ ወጣት ጠበቃ በ1979 የክልሉን ሕገ መንግሥት ገልጦ ክልሉ ችግረኛን ይረዳል የሚለውን አንቀጽ አገኘ። ሮበርት ካላሃን የሚባል፣ በፊት ወጥ ቤት የነበረ፣ መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ስም ይዞ ከሰሰ። በ1981 ከተማው መጠለያ ለሚጠይቅ ቤት አልባ ወንድ ሁሉ አልጋ ሊሰጥ ተስማማ። ካላሃን ግን ስምምነቱ ሳይፈረም ጎዳና ላይ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። በእሱ ስም የተገኘውን አልጋ ሌሎች ተኙበት።

ሼልተር ካለ ታዲያ ለምን አይገቡም? ይህን ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እስቲ የአንድ ሰው ውሎ እንከተል። በብዙ ሼልተሮች ማለዳ ተነሥቶ መውጣት ግዴታ ነው፤ ማታ ደግሞ በሰዓቱ ካልተሰለፈ አልጋው ለሌላ ይሰጣል። ማታ የሚሠራ ሥራ ቢያገኝ ሰልፉ ያመልጠዋል። ባልና ሚስት ከሆኑ እሱ ወደ ወንዶች እሷ ወደ ሴቶች ይለያያሉ። ውሻ ካለው አይገባም። ሌሊት ጫማው ይሰረቃል፣ ስለዚህ ጫማውን ታቅፎ ይተኛል፤ መተኛት ከተባለ። ቀን ስልኩን የሚሞላበት፣ የሚጸዳዳበት፣ ጓዙን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ድንኳን ቢተክል አንድ ቀን የጽዳት መኪና መጥቶ ከነሻንጣው ይጭነዋል። በሻንጣው ውስጥ መታወቂያው፣ የልደት ወረቀቱና መድኃኒቱ ነበሩ። መታወቂያ ከሌለው ሥራም፣ ቤትም፣ የባንክ ሒሳብም የለም። መታወቂያውን ለማውጣት የልደት ወረቀት ይጠየቃል፣ ያ ደግሞ አብሮ ሄዷል። እንግዲህ ሥራ ለምን አይፈልግም የምንለው ይህን ሰው ነው። በዚህ ሁኔታ ለአንድ ሳምንት እንኳ እንቅልፍ የነሡት ሰው ፊቱ ይለወጣል፣ ለራሱ ያወራል፣ ይቆጣል። እኛም «አብዷል» ብለን መንገድ እንቀይራለን።

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። የመንግሥትን የምግብ ድጎማ፣ ፉድ ስታምፕን ብንወስድ፣ አማካዩ ለአንድ ሰው በቀን 6 ዶላር ገደማ ነው። ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ ደግሞ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በሳምንት 20 ሰዓት ካልሠራ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ አያገኝም። የበሰለ ምግብም በድጎማው ካርድ እንዳይገዛ በአብዛኛው ተከልክሏል። ምድጃ የሌለው ሰው ጥሬ ሩዝ ምን ያደርግለታል?

ስለ ምግብ ካነሣሁ አንድ ደስ የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ። ሮበርት ኤገር የሚባል የምሽት ክበብ ሠራተኛ እዚሁ ከተማ ለጎዳና ሰዎች ምግብ ከሚያድሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር አንድ ምሽት ወጣ። ምግቡ ተገዝቶ የሚታደል መሆኑ፣ በየሆቴሉ ደግሞ ያልተነካ ምግብ መጣሉ አልዋጥለት አለ። በጥር 1989 ጆርጅ ቡሽ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ከግብዣዎቹ የተረፈውን ሰብስቦ ሥራ ጀመረ። ድርጅቱ ዲሲ ሴንትራል ኪችን ይባላል። ለብዙ ዓመታት ወጥ ቤቱ ስናይደር በጾመለት በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ምግቡን ያበስሉ የነበሩት ከሼልተርና ከእስር ቤት የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ሙያ ተምረው በየሆቴሉ ተቀጠሩ። የሚበላውና የሚያበስለው አንድ ሰው ሆነ። ርዳታ ሰውን ሳያዋርድ ሊሰጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ጎዳና ላይ ላለው ሰው የሚሠራው መፍትሔም ይታወቃል። በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳም ሰምቤሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ገለበጡት። እስከዚያ ድረስ «መጀመሪያ መጠጡን ተው፣ መድኃኒትህን ዋጥ፣ ከዚያ ቤት ትሰጣለህ» ይባል ነበር። እሳቸው ቤቱን አስቀደሙ። ቁልፉን ከሰጡ በኋላ ሐኪሙን ላኩ። አብዛኞቹ ቤታቸውን አልለቀቁም። ይህ መንገድ በፊንላንድ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ፣ በቴክሳስ ሂዩስተንም ሠራ። በዚሁ አገር በሰፊው የተሞከረው በቀድሞ ወታደሮች ላይ ነው። በ2010 ከ74,000 በላይ የቀድሞ ወታደር ቤት አልነበረውም። በ2024 ቁጥራቸው ወደ 33,000 ዝቅ አለ፤ የሌላው ሰው ቁጥር ሲያሻቅብ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለእነሱ የኪራይ ድጎማና ተከታታይ ባለሙያ አንድ ላይ ተመደበ። ስለ ወታደሩ «ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» ብሎ የሚከራከር ስላልነበረ ነው የተመደበው። ሕመሙ፣ መጠጡ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከሌላው አልተለየም። የተለየው የእኛ ፍርድ ነው።

ፍርዱ ወደ ሌላ በኩል ሲያጋድል ደግሞ አይተናል። በሰኔ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦሪጎን ስላለች ግራንትስ ፓስ ስለምትባል ትንሽ ከተማ በ6 ለ 3 ድምፅ ወሰነ። በከተማዋ በሕዝብ ቦታ ብርድ ልብስ ዘርግቶ የተኛ ሰው 295 ዶላር ይቀጣ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ተከታትለው እንዲህ ያለ ደንብ አወጡ። መክፈል የማይችለውን ቅጣት መክፈል ሲያቅተው መዝገቡ ይቆሽሻል፤ መዝገቡ ሲቆሽሽ ቤት የሚያከራየው ይጠፋል። ከተማው መንገዱን ሊያጸዳ ብሎ ሰውየውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

እኛን በዚህ ሁሉ ምን አገባን የሚል ካለ፣ ይዘነው የመጣነው ነገር አለ እላለሁ። በዝክር ያደገ፣ ሰንበቴ ያየ፣ ሰደቃ የተማረ ሕዝብ ነን። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ዳቦ የሚያድል ሰው የተቀባዩን ታሪክ አይጠይቅም። ዘካ የሚያወጣ ሰው ድሃው ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውለው ደረሰኝ አይጠይቅም። በመጨረሻው ቀን ስለ ተራበና ስለ ተጠማ እንደምንጠየቅ ከልጅነታችን ሰምተናል፤ የተራበው ለምን እንደተራበ መርምረናል ወይ ተብለን እንደምንጠየቅ ግን ማንም አላስተማረንም። ይህን ልማድ እዚህ ስንደርስ ለምን ጣልነው? አሁን በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም በየበዓሉ ስንት ትሪ እንጀራ ይተርፋል! እንጀራውን ለማያውቀው ሰው እንዴት ልስጠው ብላችሁ አትጨነቁ፤ ምስርና ሽሮ የማይወድ ሰው አላየሁም። ከኩባንያ ለሚመጣ ምግብ ብቻ ሳይሆን ግለሰብ በቅን ልቡና ለበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚሰጠው ምግብ ከ1996 ጀምሮ በሕግ ከለላ አለ፤ «ቢታመሙ እከሰሳለሁ» የሚለው ፍርሃት አያስቀራችሁ።

አንድ ዶላር ስጡት፣ አትስጡት የሚለውን ለየኅሊናችሁ እተወዋለሁ። እኔ እሰጣለሁ። ስሙን ግን ጠይቁት። ቀኑን ሙሉ በስሙ ሳይጠራ የሚውል ሰው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በ2016 የከተማችን ከንቲባ አንድ አሮጌ ሆስፒታል ውስጥ ታጭቀው የነበሩትን ቤተሰቦች አውጥተው በስምንቱም ቀበሌዎች አነስ ያሉ መጠለያዎች ለመሥራት ዐቀዱ። ሀብታም በሆነው በሦስተኛው ቀበሌ ጎረቤቶች ተቃወሙ። ትምህርት ቤቱ ይጨናነቃል፣ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል፣ የቤታችን ዋጋ ይወርዳል አሉ። ፍርድ ቤትም ሄዱ። አሮጌው ሆስፒታል በ2018 ተዘጋ፤ የዚያ ሰፈር መጠለያ ግን እስከ 2020 አልተከፈተም። ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ምግብ የሚያዋጡ፣ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ ደግ ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ደግነታቸው በራቸው ድረስ ሲመጣ ቆመ።

ዛሬ ከእኛም መካከል በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ እዚህም ከተማ ቤት የገዛ ብዙ ነው። በሠፈራችሁ ርካሽ አፓርታማ ወይም መጠለያ ሊሠራ ነው የሚል የስብሰባ ማስታወቂያ በፖስታ ሲመጣላችሁ አትጣሉት። እዚያ ስብሰባ ላይ የሚቃወም ሰው ሁልጊዜ ይገኛል፤ የሚደግፍ ግን ሥራ ላይ ነው። ስማችሁን አስመዝግቡ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ሦስት ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ እናቶችና አባቶችም አትቅሩ፤ ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት በከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ መገልገል መብታችሁ ነው፤ አስቀድማችሁ ካሳወቃችሁ አስተርጓሚ ይቀርብላችኋል። ተነሥታችሁ በዚህ ሠፈር ቤት እንዳላችሁ፣ ስትመጡ ሶፋው ላይ ያስተኛችሁ ሰው እንደነበረ፣ ያ ሕንፃ በእናንተ መንገድ ላይ ቢሠራ እንደማትቃወሙ ተናገሩ።